የሊቀ መንበሩ ግራ ዓይን

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ምንጣፍ ላይ ያለች ጽጌረዳ እዚያ እንዴት እንደገባች አስባችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ሰው ምንጣፍ ሲያይ ወይ ጫማውን ያወልቃል፣ ወይ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ከዚያ አያልፍም። አልፈርድባችሁም። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አስቤው አላውቅም። ያሰብኩት የቀበሌያችንን ሊቀ መንበር ግራ ዓይን በመርፌ ስወጋ ነው።

ቆይ፣ አትደንግጡ። ፎቶውን ነው። ፎቶም ቢሆን ግን ዘመኑ ደርግ ነው። በዚያ ዘመን የሹም ዓይን መውጋት ቀርቶ፣ ሹም ሲያወራ ማዛጋት ያስጠይቅ ነበር። እኔ በማዛጋት አንድ ጊዜ ተጠይቄያለሁ። እሱ ይቅር።

ቤታችን አቃቂ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። አጥር ለአጥር የምንዋሰናት ሴት እትዬ ፋጡማ ትባላለች። የወሎ ሴት ናት። ባሏ በአሰብ መስመር ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ይነዳል፤ በወር አንዴ ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይተኛል፣ ይሄዳል። ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት አላት። የኋለኛዋ ክፍል ማደሪያዋ ናት። የፊተኛዋ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሷ ነው፣ ዘጠኝ ሴቶች ተሰብስበን ምንጣፍ የምንሠራባት ክፍል ነበረች። ለአንዳንዶቻችን እንጀራችን ናት። ለእኔ ደግሞ ሥራ ፈትታ ቤት ተቀመጠች ከመባል ያዳነችኝ ክፍል ናት። እወዳት ነበር።

ሥራው ከባድ አይደለም። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሚጣለውን ብጣሽ እናመጣለን፤ ጣት በማይሞላ ስፋት እንቆርጠዋለን። የቃጫ ጆንያ በአራት ማዕዘን እንጨት ላይ እንወጥራለን። ከዚያ እንደ ኪሮሽ ጫፏ ቆልመም ያለች ወፍራም መርፌ ከላይ እንሰዳለን፤ ብጣሹን ከሥር ይዘን በመርፌዋ ወደ ላይ እንስባለን። ትንሽ ቀለበት ትወጣለች። ቀለበቶቹ ሲጠጋጉ ምንጣፍ ሆነ ማለት ነው። ይሄን ማንም ይችላል። ጉዱ ያለው ከዚያ በፊት ነው። ሥዕሉ ጆንያው ላይ እንዴት ይግባ?

እኔ ተምሬያለሁ ባይ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ሥዕልም እሞካክራለሁ። ይሄ ምን ያስቸግራል ብዬ ከታይፒስት ጓደኛዬ ካርቦን ለመንኩ። ካርቦኑን ጆንያው ላይ አንጥፌ፣ ሥዕሉን በላዩ አድርጌ፣ በእስክሪብቶ ሄድኩበት። ስገልጠው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ምንም። ጆንያ ቀዳዳም ነው፣ ፀጉራምም ነው፤ ካርቦን አይቀበልም። ካርቦኑን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ላቤን ስጠርግ ውዬ ኖሮ ሰማያዊ ግንባር ይዤ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሁለተኛው ሙከራዬ አውራ ዶሮ ነበር። ጆንያውን በደንብ ሳልወጥር፣ ክሩ ቀጥ ማለቱን ሳላይ ሣልኩበት። ሴቶቹ በቅን ልቦና ሠሩት። ከእንጨቱ ሲፈታ ጆንያው ወደ ጥንት ጠባዩ ተመለሰ፣ ዶሮውም አብሮ ዘመመ። ጠጥቶ ግድግዳ የሚፈልግ ሰው መሰለ። የእትዬ ፋጡማ ባል አይቶት፣ ይሄማ ዳገት እየወጣ ያለ ዶሮ ነው ብሎ ለመኪናው ወንበር ወሰደው። ጨዋ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ እትዬ ፋጡማ እጄን ይዛ አስተማረችኝ። እሷ ደግሞ የተማረችው በልጅነቷ ከተማ ውስጥ አንዲት አርመን ሴትዮ ቤት ስትሠራ ነው። ከሥዕሉ ሥር ሌላ ጠንካራ ወረቀት ይደረጋል፤ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱ አንድ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ይነጠፋሉ። ከዚያ ቡሽ ላይ በተሰካ መርፌ የሥዕሉን መስመር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረጉ መከተል ነው። መርፌው ሁለቱንም ወረቀት ይበሳል። ሲያበቃ የተበሳሳውን የሲሚንቶ ወረቀት ጆንያው ላይ ታደርጉና የደቀቀ ከሰል በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ ደብደብ ደብደብ ታደርጉታላችሁ። ከሰሉ በየቀዳዳው ይወርዳል። ወረቀቱን ስታነሡት ሥዕሉ በነጥብ በነጥብ ጆንያው ላይ ቁጭ ብሏል። ነጥቡን በቀለም ማገናኘት ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ዋናው ሥዕል ከከሰል ንጹሕ እንደሆነ ይቀመጣል፤ የሲሚንቶ ወረቀቱ መቶ ጊዜ ያገለግላል። ጽጌረዳዋ ምንጣፍ ላይ የገባችው እንዲህ ነው። አሁን አወቃችሁ።

ወደ ሊቀ መንበሩ ልምጣ። ጓድ ታፈሰ ይባላል። ቀጭን ነው፤ ካኪው ሰፊ ነው። በደረት ኪሱ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ሲጽፍ ግን ከጸሐፊው ይዋሳል። ከሁሉም በላይ የሚወደው ሳይንስ ነው። አንድ ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ ሰብስቦን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ቁስ አካል አስተማረን። መንፈስ የለም አለ። ቡዳ የለም፤ መተት የለም፤ ያለው ቁስ አካል ብቻ ነው። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ስኳሩስ ብለው ጠየቁ። እሱም ለጊዜው የለም ተባሉ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ዘንቢል ዞረ። ክታብ ያሰረ ሁሉ እየፈታ እንዲከት ታዘዘ። ክርስቲያኑም ፈታ፣ እስላሙም ፈታ። ለካ ግማሹ አቃቂ በሸሚዙ ሥር አንጠልጥሎ ነው የሚኖረው! እትዬ ፋጡማም ፈታች። ትንሽ ክታብ ናት፤ በጥቁር ቆዳ የተሰፋች፣ ጠርዟ በቀይ ክር የተጠለፈ። ከወሎ ስትነሣ እናቷ በእጃቸው አንገቷ ላይ ያሰሩላት ናት። ዘንቢሉ ውስጥ ስትጥላት አላለቀሰችም። ዘንቢሉን የያዘውን ጓድ ታፈሰን ግን ዓይን ዓይኑን አየችው። እኔ በዚያ ቀን በጣም ነው የተናደድኩት።

በሳምንቱ ጓድ ታፈሰ እትዬ ፋጡማ ቤት መጣ። ዘጠኛችንም ሥራ ላይ ነን። የፊተኛዋን ክፍል በእርምጃ ለካት። ለአንዲት ሴት ሁለት ክፍል ትርፍ ነው፤ ይቺ ክፍል ለቀበሌው መዝናኛ ክበብ ትሆናለች አለ። ቢራ፣ ዳማ፣ ቴፕ። እትዬ ፋጡማ፣ ዘጠኝ ሴቶች የት ይሂዱ ብላ ጠየቀችው። እሱ የተወጠረውን ጽጌረዳ አየና፣ አብዮታዊ ይዘት የለውም አለ። ከዚያ ጢሙን ነካ ነካ አደረገ። ሰው ጢሙን ሲነካካ አንድ ነገር ሊጠይቅ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በወሩ መጨረሻ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የበላዮቹ ሊጎበኙት ይመጣሉ። አዳራሹ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ የእሱ የራሱ መልክ ያለበት ምንጣፍ ቢኖር፣ ሴቶቹ በራሳቸው ተነሣሽነት ሠሩልኝ ቢል፣ ደስ ይለዋል። ይሄን ሁሉ ያለው ጣሪያው ላይ እያየ ነው። ምስሉን ካሳመራችሁት ክፍሏ የእናንተ ትሆናለች፤ ካላሳመራችሁት ክበብ ትሆናለች አለና ወጣ። በማግስቱ በትልቁ የታጠበ ፎቶውን ላከ። የጋዜጣ ገጽ ያህላል። አንድ ብቻ ነው፤ አደራ ተብሏል።

እጅ እጅ እያለኝ ጀመርኩ። ከሥር የሲሚንቶ ወረቀት፣ ከላይ ጓድ ታፈሰ። ፀጉሩን ከብቤ ወጋሁ፤ ጆሮውን ወጋሁ፤ ጢሙን ወጋሁ። ሴቶቹ ዙሪያዬን ቆመው ምክር ይሰጣሉ። አፍንጫው ላይ በርከት አድርጊ፣ ሰፊ ነው ትላለች አንዷ። ጆሮውን እንዳትረሺ፣ ባይሰማበትም ትላለች ሌላዋ። ሁለት ቀን ወሰደብኝ። የቀረኝ ግራ ዓይኑ ብቻ ነበር። ዓይን ከባድ ነው፤ አንድ ነጥብ ከሳተ ሰውዬው ሌላ ሰው ይሆናል። እትዬ ፋጡማ ከበላዬ አጎንብሳ፣ «ብሌኑን ነው፤ አትፍሪ፣ ጠበቅ አድርገሽ ውጊው!» አለችኝ። ጠበቅ አድርጌ ወጋሁት። ቀና ስል ጓድ ታፈሰ በሩ ላይ ቆሟል።

ሰውዬው መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? አልጮኸም። ግራ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ነው የጮኸው።

አድኃሪ አለን። ፀረ አብዮት አለን። ጠንቋዮች፣ መተተኞች አለን። ፎቶውን ከብርድ ልብሱ ላይ መንጭቆ አነሣ። ወደ ብርሃኑ አዙሮ ሲያየው ፊቱ ሁሉ ወንፊት ሆኗል። ከሥር የነበረውን የሲሚንቶ ወረቀት ግን አላየውም፤ ወይም አይቶት ወረቀት ነው ብሎ ተወው። ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ጠርቶ ክፍሏን አሸጋት። እኔና እትዬ ፋጡማ በማግስቱ ጠዋት ፍርድ ሸንጎ እንድንቀርብ ታዘዝን። ፈራሁ ብላችሁ አታፍሩብኝም መቼም። እትዬ ፋጡማን አየኋት፤ የከሰሉን ቋጠሮ ቀስ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች።

ሸንጎው አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ። ሰው ሞልቷል። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ናቸው። ከኋላ ደግሞ ከከፍተኛው የተላከ አንድ ካድሬ ማስታወሻ ይዞ ተቀምጧል፤ ለጉብኝቱ ዝግጅት ሊያይ የመጣ ነው። ሰብሳቢው ጓድ ታፈሰን፣ ክሱ ምን ተብሎ ይጻፍ ብለው ጠየቁት። በምስሌ ላይ መተት አድርገውብኛል፤ ከትላንት ጀምሮ ግራ ዓይኔ ያለቅሳል አለ። እውነቱን ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያሸው ነው ያደረው። እሱም በእኛ ሊመካኝ።

እትዬ ፋጡማ እንድትናገር ተፈቀደላት። ብድግ አለች።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣» አለች፣ «ያን ቅዳሜ እዚሁ አዳራሽ መተት የሚባል ነገር የለም ብለው አስተምረውን የለም ወይ?»

አስተምሬያለሁ አለ።

«የእናቴን ክታብ ያስፈቱኝም በዚሁ ምክንያት ነው?»

አዎ አለ፤ ድምፁ ግን አነሰ።

«እንግዲያው አንዱን ይምረጡልኝ። መተት ካለ ክታቤን አሁኑኑ ይመልሱልኝ። ከሌለ ደግሞ እኔና ይቺ ልጅ ወረቀት ነው የበሳነው። ወረቀት በመብሳት የሚከሰሰው በየትኛው አዋጅ ነው?»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁን ሊውጠው ሞክሮ ሳል አደረገው። ካድሬው ብዕሩን አነሣ፤ የሚቀጥለውን ቃል ሊጽፍ ተዘጋጅቷል። ጓድ ታፈሰ ካድሬውን አየ፤ ሰብሳቢውን አየ፤ ጣሪያውን አየ። መተት አለ ብሎ በዚያ ብዕር ፊት መናገር አይችልም። የለም እንዳይል ዓይኑ ያለቅሳል። መጨረሻ ላይ፣ መተት የለም፣ ነገር ግን ንብረቴን አበላሽተዋል አለ።

እትዬ ፋጡማ ይሄንንም ጠብቃ ኖሯል። ከነጠላዋ ጫፍ የከሰሉን ቋጠሮ ፈታች። ከአዳራሹ ጥግ ባዶ ጆንያ አምጡልኝ ብላ ጠረጴዛው ላይ ወጠረችው። ጓድ ታፈሰ ለማስረጃ ያመጣውን ፎቶ በላዩ አደረገችና እዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የሊቀ መንበሩን ፊት በከሰል ደበደበችው። ግንባሩን ደብደብ። ጉንጩን ደብደብ። አፍንጫው ላይ ትንሽ የቆየች መሰለኝ። ፎቶውን ስታነሣው ጆንያው ላይ ጓድ ታፈሰ ከነጢሙ ቁጭ ብሏል። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ውይ!» አለ። ሥዕል ጆንያ ላይ የሚገባው እንዲህ ነው፤ ሊቀ መንበሩ ያዘዙን ይሄንኑ ነው አለች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ ሸንጎው ጥፋት አላገኘም አሉ። ካድሬው ጻፈ።

ነጻ ወጣን። ክፍሏ ግን እንደታሸገች ናት። ማሸጊያውን የሚያነሣው ጓድ ታፈሰ ነው፤ እሱ ደግሞ የዚያን ቀን ውርደት የሚረሳ ሰው አይደለም። ዘጠኛችንም ለሦስት ቀን ከደጅ ደንጋይ ላይ ተቀምጠን ብጣሽ ስንቆርጥ ከረምን። ሰው ያየናል። ይየን አልን። አንዷ እንኳ አልቀረችም።

በአራተኛው ቀን፣ ሴቶቹ ለምሳ በተበተኑበት ሰዓት፣ ጓድ ታፈሰ ብቻውን መጣ። ያለ ጠመንጃ፣ ያለ ጸሐፊ። በብብቱ ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። እኔና እትዬ ፋጡማ ብቻ ነበርን። ክሊኒክ ሄዶ ጠብታ ተሰጥቶታል፤ አልተሻለውም። ዙሪያ ገባውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀዳዳዎቹ መደፈን ይችላሉ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«እኔ አላምንበትም፣» አለ። «ግን ለጥንቃቄ።»

እትዬ ፋጡማ የዱቄት ሙጫ በጠበጠች። ፎቶውን ገልብጣ ከጀርባው ቀዳዳ በቀዳዳ ትደፍን ጀመር። እሱ በትክክል መደፈኗን ሊያይ አጎነበሰ። ሲያጎነብስ የካኪው አንገትጌ ተከፈተ። ከውስጡ አንዲት ነገር ተንጠለጠለች። ትንሽ ናት፤ በጥቁር ቆዳ የተሰፋች፣ ጠርዟ በቀይ ክር የተጠለፈ።

እትዬ ፋጡማ ሙጫዋን አስቀመጠች። እጇን ዘረጋች። መዳፏን ከፍታ ጠበቀችው። ሰውዬው ቀላ፤ ጠቆረ። ዘንቢሉ ውስጥ ሲያያት ደህና ስፌት ያላት ናት ብሎ ይሆናል የመረጣት። መቼም ሳይንሳዊ ምርጫ ነው። ከአንገቱ አውልቆ መዳፏ ላይ አስቀመጣት። እሷም ወዲያው እዚያው ፊቱ አሰረቻት።

«ክፍሏስ?» አለችው።

ክፍሏ እርጥበት አለባት፣ ለክበብ አትሆንም ብዬ እጽፋለሁ አለ።

«ይጻፉ፣» አለች፤ ጻፈ። ያን ጊዜም እስክሪብቶ ከእኔ ነው የተዋሰው። ከዚያ በኋላ ነው የግራ ዓይኑን ቀዳዳ የደፈነችለት። ከሰሉ ግን ቀዳዳው አፍ ላይ ደርቆ ስለነበር ፎቶው ፈንጣጣ የወጣለት ሰው መሰለ። እሱ ጠቅልሎት ሄደ። አዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የእኛ አውራ ዶሮ ሆነ፤ በዚህኛው ጊዜ ጆንያውን በደንብ ወጥሬያለሁ። ጓድ ታፈሰ ለእንግዶቹ፣ ዶሮው የጭቁኑን ሕዝብ መንቃት ያመለክታል ብሎ አስረዳ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

እዚህ ላይ ባበቃሁት የዚህ ወግ ትምህርቱ ግልጽ ነበር። ሳይንስ አሸነፈ፤ እትዬ ፋጡማ የሊቀ መንበሩን ሳይንስ ከሊቀ መንበሩ በላይ ታውቀው ነበር ብዬ ምንጣፌን ጠቅልዬ እነሣ ነበር። አልሆነም።

ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። ጓድ ታፈሰ አድጎ ወደ ከፍተኛው ሄደ። አንድ ጠዋት ወሬ መጣ። ያቺ ክፍል እርጥበቷ ደርቋል ወይ ተብሎ እየተጠየቀ ነው፤ በሳምንቱ መጨረሻ ራሱ ሊያያት ይመጣል። እየሮጥኩ እትዬ ፋጡማ ጋ ሄድኩ። ምን ይሻላል አልኳት። ፍራሿን አነሣች። ከሥሩ የሲሚንቶ ወረቀቱን አወጣች። ያንን ከፎቶው ሥር የነበረውን። ወደ መስኮቱ ያዘችው፤ ብርሃኑ በቀዳዳው ሁሉ ገባና ጓድ ታፈሰ ከነጢሙ፣ ከነጆሮው በብርሃን ተሣለ። አልደነገጥኩም። ነጥቡን የበሳሁት እኔ ነኝ፤ እያንዳንዷን አውቃታለሁ።

ግራ ዓይኑን ሳይ ግን ደነገጥኩ። እኔ የበሳሁት ብሌኑን ዙሪያውን ነው፤ ጥቂት ነጥብ። አሁን ያለው ሌላ ነው። ምስር ያሳልፋል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

ብል ይሆናል አለችኝ። ብል ዓይን መርጦ ይበላል ወይ አልኳት። እንግዲህ ሴቶቹም አንዳንዴ፣ ክፍሏ ስታሳስባቸው ይሆናል አለች። አንቺስ አልኳት። የእናቷን ክታብ ነካ ነካ አደረገችና ወደ በሩ አየች። ያቺ ሸንጎውን በመተት የለም ያንበረከከች ሴት! ከዚያ ከነጠላዋ ጫፍ ቡሽ ላይ የተሰካውን መርፌ ፈትታ ዘረጋችልኝ።

ክፍሏ ምን ሆነች ትሉኝ ይሆናል። ደርግ እስኪወድቅ ምንጣፍ ሠራንባት፤ ከወደቀም በኋላ ሠራንባት። ለምን እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ በመተት አላምንም። ያን ዕለት ግን መርፌውን ተቀበልኩና ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ጠጋ አደረግሁት። ግራ ዓይኑ ላይ ቦታ አልነበረም። በቀኙ ጀመርኩ።